የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች፤ ስለ ኪነ ጥበብ ማደሪያና ስለ ከተማ መታደስ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

1. የጥናቱ ጥያቄ

በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለኮሪደር ልማት ሥራ ሲባል በብዛት ፈረሰ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎች ዕቃቸውን ጭነው በከተማው ደቡባዊ ጫፍ ወደሚገኘው ወደ ገላን ጉራ፣ ሌሎችም ወደየአቅጣጫው ሄዱ። ስለ መኖሪያ ቤቶቹና ስለ ሱቆቹ በዚያን ጊዜ ብዙ ተነግሯል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ ጋራ አብሮ ስለ ፈረሰ አንድ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ይኸውም የአዝማሪ ቤት ነው።

የአዝማሪ ቤት ስንል መሰንቆ መቺና ዘፋኝ በየሌሊቱ የሚጫወትበትን፣ መጠጥም የሚሸጥበትን ትንሽ ቤት ማለታችን ነው። በካዛንቺስ እንዲህ ያሉት ቤቶች በብዛት በነበሩበት ዘመን ኑሯቸው የተመሠረተው እንግዳ ከኪሱ አውጥቶ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ነበር። የቤተ መንግሥት ቀለብ የላቸውም፤ እንደ ቴአትር ቤት ተዋናይ የወር ደመወዝ የሚቆረጥላቸውም አልነበሩም። ስለዚህ ራሱን ችሎ የሚኖር ኪነ ጥበብ በምትለወጥ ከተማ ውስጥ ዕድሜው በምን ይወሰናል የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር እነዚህ ቤቶች ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ወገን፣ ጥበቡ መልካም ከሆነ አድማጭ አያጣም፤ አድማጭ ካለውም ይኖራል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ያለ ደጋፊ የሚቆም ጥበብ የለምና ርዳታ ይሰጠው ይላል። የካዛንቺስ ታሪክ ሲመረመር ግን አድማጭም ዝናም ወዳጅም የነበረው ቤት ምንም ካልነበረው ቤት ጋራ አብሮ ሲፈርስ እናያለን። በዚህ ምክንያት፣ የጥበቡን ዕድሜ የወሰነው ቤቱ የተያዘበት ሁኔታ ነው የሚለውን ዐሳብ እናቀርባለን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሐተታ ይህን ለማስረዳት የሚሞክር ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተመለከተ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. ስለ ቃሉና ስለ ሁለት ዐይነት መገፋት

የድኾች ሰፈር በባለጸጎች እየተያዘ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የሚወጡበትን ሁኔታ የውጭ አገር ሊቃውንት ጀንትሪፊኬሽን ብለው ይጠሩታል። ቃሉን በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዋ ሩት ግላስ ስትሆን፣ ቃሉን ያወጣችው በለንደን የሠራተኞች ሰፈሮች ላይ የደረሰውን ለመግለጽ ነበር። በለንደን የሚገፋው ዋጋ ነው። አንድ ቤት ይሸጣል፤ ይታደሳል፤ የጎረቤቱም ኪራይ ይጨምራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፈሩ በስሙ ብቻ የቀድሞው ሰፈር ሆኖ ይገኛል።

በዚህ መንገድ የተጎዱ የኪነ ጥበብ ሰዎች ታሪክ በብዙ አገር ተጽፏል። በኒው ዮርክ ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ሠዓሊዎች ባዶ የቀሩትን የፋብሪካ ፎቆች ይዘው ሲኖሩ፣ የከተማው አስተዳደር በ1971 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ ሠዓሊ በነዚያ ፎቆች ላይ እንዲኖር ፈቀደ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፎቆቹን ተከራዮች የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሰፈሩ በኋላ የባለጸጎች ሱቅ መደርደሪያ ከመሆን አልዳነም፤ ዳሩ ግን በሕግ የተያዙት ፎቆች ለብዙ ዘመን ቆይተዋል። በበርሊን ታኸለስ የተባለው አሮጌ ሕንፃ በ1990 እ.ኤ.አ. በሠዓሊዎች ተይዞ ዝናው በዓለም ከተሰማ በኋላ፣ ጽኑ የይዞታ መብት ስላልነበራቸው በ2012 እ.ኤ.አ. እንዲወጡ ተደርጓል። ሁለቱን ሁኔታዎች ስናነጻጽር፣ ለሠዓሊዎቹ መቆየት ከዝና ይልቅ ውል እንደ ጠቀመ እንረዳለን።

የአዲስ አበባ ነገር ከነዚህ በአንድ ዐቢይ ጉዳይ ይለያል። በአገራችን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ መሬት ሊሸጥና ሊለወጥ አይችልም። በመሆኑም ሰፈር የሚለወጠው ቤት በቤት በሚካሄድ ግዢ ሳይሆን በፕላን ነው፤ ፕላኑም ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የለንደኑ ተከራይ ኪራዩ ሲጨምር እያየ ይዘጋጃል። የካዛንቺሱ ተከራይ ግን ኪራዩ እንደ ረከሰ ቆይቶ፣ አንድ ቀን የመነሻ ቀን ይነገረዋል።

3. የአዝማሪ የቀድሞ ማደሪያዎች

አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው። በጥንቱ ሥርዐት አዝማሪ የመኳንንት ባለሟል ነበር። በግብር ጊዜ በአዳራሹ ይዘፍናል፤ በዘመቻ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋራ ይጓዛል፤ ጌታውን ያወድሳል፤ ሲከፋውም በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ይወቅሳል። ዋጋውም ልብስ፣ በቅሎ፣ አንዳንድ ጊዜም መሬት ነበረ። እንግዲህ የመጀመሪያው ማደሪያ የጌታ አዳራሽ ነው ማለት ነው። ይህ ማደሪያ በጌታው ሕይወትና ሥልጣን የተወሰነ ነበር፤ ጌታው ሲሻር አዝማሪውም ሌላ ደጅ መጥናት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ማደሪያ የተሠራው በመንግሥት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነጻነት በኋላ ቋሚ የቴአትር ቤት ሆኖ የመሰንቆና የክራር ተጫዋቾችን ሰበሰበ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ እንዲሁም የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ብዙ ባለሙያዎችን በደመወዝ አኖሩ። የክራር ደርዳሪዎቹ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ሕዝብ በሰፊው ያወቃቸው በዚህ ዘመን ነው። በዚህ ማደሪያ አዝማሪው ከወለሉ ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጣ። እንግዳው ግን በጨለማ ውስጥ በተደረደረ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚሰማ ተመልካች ሆነ። ስለዚህ ደመወዙ ቢገኝም፣ ግጥም በአዝማሪና በእንግዳ መካከል የሚወለድበት ልማድ በመድረኩ ላይ ቦታ አጣ።

ሦስተኛው ማደሪያ፣ ማለትም በከተማ ውስጥ በኪራይ የሚያዘው ትንሽ ቤት፣ ይህን ልማድ መልሶ ያገኘ ነው። በአራዳ አቅራቢያ ያለው ውቤ በረሃ በ1950ዎቹ በጠጅ ቤቶቹና በሌሊት ጨዋታው የታወቀ ሰፈር ነበር። ነገር ግን በደርግ ዘመን የታወጀው የሰዓት እላፊ ለብዙ ዓመታት ስለ ቀጠለ የውቤ በረሃ ሌሊት ጠፋ። ስሙ በትዝታ ጽሑፎች ውስጥ ሲኖር ቤቶቹ ግን አልተመለሱም። ይህን ምሳሌ ማስታወስ የሚጠቅመው፣ የሌሊት ኪነ ጥበብ ከተቋረጠ በኋላ ሰላም ሲመጣ በዚያው ስፍራ ተመልሶ ይበቅላል የሚለው ተስፋ በታሪክ የማይደገፍ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ጨዋታው የተመለሰው በሌላ ሰፈር፣ በሌሎች ሰዎች እጅ ነው።

4. የሰፈሩ ስምና አመሠራረት

ያ ሌላው ሰፈር ካዛንቺስ ነው። ኢጣልያኖች አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋማቸው በዚህ ስፍራ ቤቶችን አቁሞ ነበር። የተቋሙ ስም በምኅጻር ኢንቺስ ስለሚባል ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። ሕዝቡም በአንደበቱ ለውጦ ካዛንቺስ አለው።

በዚህ ስም ውስጥ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በከተማው ሕዝብ ላይ የደረሰው እልቂት የታወቀ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ግራዚያኒ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ አዘዘ፤ ምክንያቱም የኢጣልያ አገዛዝ በቅርቡ ይወድቃል እያሉ በሕዝቡ መካከል ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር። አንድ መሰንቆ የያዘ ሰው ለአንድ የጦር ገዢ ይህን ያህል ያሳሰበ መሆኑ የአዝማሪውን የሕዝብ አፍነት ከማናቸውም መግለጫ በላይ ያሳያል። ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ያው አገዛዝ ለሹማምንቱ ማደሪያ በመሠረተው ሰፈር የአዝማሪ ዘሮች በየሌሊቱ ይዘፍኑ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ በታላላቅ ተቋማት ተከበበ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ተመረቀ። በአዳራሹ ውስጥ የሚታየው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል በመንግሥት ድጋፍ የሚሠራ ጥበብ ምን ያህል ሊከብር እንደሚችል ምስክር ነው። እንግዲህ የቤተ መንግሥቱ፣ የኮሚሽኑና የሆቴሎቹ ጎረቤት በሆነው በዚህ ሰፈር፣ ከትልቁ መንገድ ጀርባ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ የድኻ ቤቶች ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። የውጭ አገር እንግዳ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ባለታክሲና ከገጠር የመጣ ዘፋኝ በእግር ርቀት ላይ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ስፍራ በከተማው ውስጥ ብዙ አልነበረም።

5. የአዝማሪ ቤት አሠራር

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊው ሲቀር፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ አዝማሪዎች በካዛንቺስ ቤት ይከፍቱ ጀመር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ፣ ሁለተኛውን ቅጽ በዚህ ዘመን ለነበሩት የከተማ አዝማሪዎች መስጠቱ ጨዋታው ምን ያህል እንደ ሰፋ ያሳያል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተማሪነቱ ጊዜ በተደጋጋሚ እንዳየው፣ ቤቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ነው። እንግዶች በግድግዳው ዙሪያ በዝቅተኛ ዱካ ወይም በመደብ ላይ ይቀመጣሉ። መካከሉ ለተጫዋቹና ለጭፈራ ይተዋል። አዝማሪው መሰንቆውን እየመታ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ስሙን፣ አገሩን፣ አብራው የመጣችውን ሴት አይቶ ግጥም ይሰጠዋል። እንግዳውም «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። እንግዳው በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ሌላው ደግሞ ለመበቀል ሌላ ስንኝ ይሰጣል። በዚህ ዐይነት እስከ ንጋት ድረስ ቅኔው ከክፍሉ አንድ ወገን ወደ ሌላው ሲወረወር ያድራል።

ይህ አሠራር ለጥያቄያችን የሚሰጠው ሁለት ፍሬ ነገር አለ። አንደኛ፣ ክፍሉ ትንሽ መሆኑ የድኽነት ውጤት ብቻ አይደለም፤ ስንኝ ያለ ድምፅ ማጉያ ከአፍ ወደ ጆሮ ሊደርስ የሚችለው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ የቤቱ ገቢ ከመጠጥ፣ የተጫዋቾቹም ገቢ በአመዛኙ ከሽልማት በመሆኑ፣ አንድ ሌሊት ሊሰበሰብ የሚችለው ገንዘብ በክፍሉ ስፋት የተወሰነ ነው። ከዚህ የተነሣ የአዝማሪ ቤት ከፍ ያለ ኪራይ ሊሸከም አይችልም። ክፍሉን አስፍቶ ብዙ እንግዳ ቢያስገባ ኪራዩን ይከፍል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ጨዋታው ወደ መድረክ ዘፈን ይለወጣል። ስለዚህ ርካሽ ኪራይ ለዚህ ጥበብ እንደ መሰንቆው ክር የማይቀር መሣሪያ ነበረ።

6. ኪራዩ ስለ ምን ረከሰ

ኪራዩን ያረከሰው ለኪነ ጥበብ የታሰበ ድጋፍ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ዝቅተኛ ኪራዮችንም ቀነሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። በመሀል ከተማ የነበሩት አያሌ ቤቶች በዚህ መንገድ የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ኪራያቸውም ለዐሥርተ ዓመታት በዚያው በዝቅተኛው መጠን ቆየ። በአካባቢው በግል እጅ የቀሩት ክፍሎች ዋጋም ቢሆን ከነዚህ ጎረቤቶቹ እጅግ ሊርቅ አልቻለም።

ዳሩ ግን ይኸው ርካሽ ኪራይ ቤቶቹን በላቸው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለማደስ አይበቃም። ተከራይ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያወጣም፤ ቀበሌም አቅም የለውም። ስለዚህ ጭቃው ይፈረፈራል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ አንድ መጸዳጃ ለብዙ ቤተ ሰብ ይሆናል። በኋላ ሰፈሩን ለማፍረስ እንደ ምክንያት የቀረበው እርጅና እንግዲህ አዝማሪውን ካኖረው ከርካሹ ኪራይ ጋራ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ ልጆቿን ላሳደገች እናት ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰፈሩን የቀድሞ መልክ በናፍቆት ብቻ የሚያነሣ ጸሐፊ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ሁለተኛው የርካሽነት ምክንያት ፕላን መጠበቅ ነው። የሊዝ ሥርዐት በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ከተጀመረ ወዲህ የመሀል ከተማ መሬት በጨረታ ዋጋ አገኘ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የካዛንቺስ አንድ ክፍል እየፈረሰ ሆቴሎችና ፎቆች ተሠሩበት። ነገ ይፈርሳል በተባለ ስፍራ ላይ ደግሞ ማንም አዲስ ቤት አይሠራም፤ በመሆኑም የቀሩት ክፍሎች ኪራያቸው እንደ ረከሰ ቆየ። ከዚህ የምንረዳው ነገር መራራ ነው፤ የአዝማሪው ኪራይ የረከሰው ዘመኑ አጭር ስለ ሆነ ነበር። ማደሪያውን የሰጠው ራሱ የመፍረሱ ተስፋ ነው።

7. የፈንዲቃ ምሳሌ

ከካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ሁሉ ይልቅ ስሙ የተሰማው ፈንዲቃ ነው። የእስክስታ ተጫዋቹ መላኩ በላይ ወደዚህ ቤት የገባው በልጅነቱ ሲሆን፣ እየጨፈረ በሽልማት ይኖር፣ ሌሊቱንም በዚያው በቤቱ ውስጥ ያድር እንደ ነበር በሰፊው የታወቀ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ያዘው፤ ኢትዮከለር የተባለውንም ቡድን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አዝማሪ ቤቱን ወደ ባህል ማዕከልነት አሳድጎ የሥዕል ማሳያና የመጻሕፍት ክፍል ጨመረለት። በዚያ ግቢ የመሰንቆ ጨዋታ፣ ጃዝ፣ ግጥምና ሥዕል በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ። መላኩ ራሱም ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋራ በውጭ አገር መድረኮች ላይ ጨፍሯል።

ይህ ቤት በመጀመሪያው ክፍል ላነሣናቸው ለሁለቱም መልሶች ፈተና ነው። አድማጭ ነበረው፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ስንኳ አዲስ አበባ ሲደርስ ይጠይቀው ነበር። ወዳጅና ደጋፊም ነበረው። ጎረቤቶቹ የነበሩት ሌሎች አዝማሪ ቤቶች አስቀድመው አንድ ባንድ ሲዘጉ እርሱ ጸንቶ ቆየ። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ተራ በደረሰ ጊዜ የካዛንቺሱ ፈንዲቃ ከሌሎቹ ጋራ ፈረሰ። እስከዚያ ድረስ አድማጭና ደጋፊ አቆይተውት ነበር፤ በፕላኑ ፊት ግን የቆመበትን መሬት ሊያስጠብቁለት አልቻሉም።

8. «አዝማሪ ተንቀሳቃሽ ነው» ስለሚለው ክርክር

በዚህ ነጥብ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ ተጓዥ ነው፤ መሰንቆውን ይዞ ወደፈለገበት ይሄዳል፤ ስለዚህ የአንድ ሰፈር መፍረስ ጥበቡን አይጎዳውም የሚል ነው። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ኢትዮከለር አልተበተነም፤ መሰንቆም ከካዛንቺስ ጋራ አልተቀበረም። ከሰርግ እስከ ሆቴል አዳራሽ ድረስ አዝማሪ አሁንም ይጫወታል።

ሆኖም ተጓዡ ሰው እንጂ ቤቱ አይደለም። የአዝማሪ ቤት ለካዛንቺስ ያበረከታቸው ሦስት ነገሮች ከተጫዋቹ ጋራ አብረው አይጓዙም። የመጀመሪያው ትምህርት ነው። አንድ የገጠር ልጅ ያለ ክፍያ ገብቶ፣ በየሌሊቱ እያየ፣ በማዕዘን እያደረ ሙያ የሚማርበት ቤት ከሌለ፣ ቀጣዩ መላኩ የሚያድግበት ስፍራ አይኖርም። በሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሚያድር ልጅ የለምና። ሁለተኛው ተቺ አድማጭ ነው። በየሳምንቱ የሚመጣው የሰፈር ሰው ያረጀ ስንኝ የሚደግመውን አዝማሪ ያውቀዋል፤ ይሳለቅበታልም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ መንገደኛ ግን ቅኔውን አይለይም፤ ስለዚህ አዝማሪው የታወቀውን ደጋግሞ መዝፈን ይበቃዋል። ሦስተኛው የተለያዩ ሰዎች መገናኘት ነው። የገላን ጉራ ነዋሪ ሌሊት ወደ መሀል ከተማ መጥቶ መመለሻ ትራንስፖርት ስለማያገኝ፣ የቀድሞው አድማጭ ከቀድሞው ተጫዋች ተለይቷል። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ የሚገናኙበት ሌሊት ግን የለም።

9. ሕጉ የሚያየውና የማያየው

ሕጎቻችን ስለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ ዝም አላሉም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጅ የማይዳሰሱ፣ በዐይን የሚታዩ ወይም በጆሮ የሚሰሙ ነገሮችንም በቅርስነት ይቀበላል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ደግሞ በትርጉሙ ውስጥ ከልማዱ ጋራ የተያያዙትን መሣሪያዎችና ባህላዊ ስፍራዎች ጭምር ይጠቅሳል። በሌላ ወገን፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሣ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረቱ ዋጋ ሌላ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥንም ያስባል፤ ይህም ከቀድሞው ሕግ ይልቅ ወደፊት የተራመደ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የአዝማሪ ቤት በሁለቱ ሕጎች መካከል ይወድቃል። የቅርስ ሕጉ ዘፈኑን ያውቃል፤ ዘፋኙ በምን ኪራይ እንደሚኖር አይጠይቅም። የካሣ ሕጉ ባለይዞታውን ያውቃል፤ በተከራየው ክፍል ውስጥ በሌሊት የሚደረገው ነገር ግን ከማናቸውም መጠጥ ቤት ሥራ አይለይበትም። መጠጥ ቤት ሌላ ቦታ ቢከፈት ያው መጠጥ ቤት ነው፤ ካሣውም ይህን አስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ቢሮ ያለው ባለሙያ መሰንቆን በቅርስ መዝገብ ሲጽፍ፣ በሌላ ቢሮ ያለው ባለሙያ መሰንቆው የተሰቀለበትን ግድግዳ በሚፈርሱት ቤቶች ዝርዝር ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱም ሥራቸውን በቅንነት እየሠሩ ነው።

10. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበውን ሐተታ ስንጠቀልል፣ በአዲስ አበባ ራሱን ችሎ የኖረ ኪነ ጥበብ እስከ ዛሬ ያደረው ለሌላ ዐሳብ በወጣ ሕግና በተጓተተ ፕላን ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱ አሁን እየተዘጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተነሥተዋል፤ በሌሎችም አሮጌ ሰፈሮች ተመሳሳይ ሥራ ይቀጥላል። ስለዚህ ከእንግዲህ ማደሪያው በአጋጣሚ ሊገኝ አይችልም፤ ታስቦ ሊሰጥ ይገባል።

እንዴት ይሰጣል ቢባል፣ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት መንገዶችን እናመለክታለን። አንደኛው፣ ለሰፈር ማደሻ ጥናት ሲደረግ ቤቶቹ በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊትም እንዲቆጠሩ ነው። በቀን ሲታይ የተዘጋ በር የሆነው ክፍል በሌሊት የዐሥራ አምስት ሰዎች መተዳደሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ በዚያው ስፍራ ከሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ምድር ቤት ጥቂት ትናንሽ ክፍሎች፣ በረጅም ውልና በተወሰነ ኪራይ፣ ቀድሞ በዚያ ለነበሩ የኪነ ጥበብ ተከራዮች እንዲሰጡ ነው። በኒው ዮርክ በ1970 እ.ኤ.አ. ዌስትቤዝ የተባለው አሮጌ የምርምር ሕንፃ ለሠዓሊዎችና ለሙዚቀኞች የርካሽ ኪራይ መኖሪያ ተደርጎ፣ የአካባቢው ዋጋ እጅግ ከናረ በኋላም ነዋሪዎቹን ይዞ ቆይቷል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት በአገራችን ይህን ማድረግ ከኒው ዮርክ ይልቅ ሊቀል ይገባ ነበር፤ ገዝቶ መተው አያስፈልግምና።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ስለ ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር እናገራለሁ። እኔ በተማሪነቴ በካዛንቺስ ቤቶች ብዙ ሌሊት ተቀምጫለሁ። ከዚያም ወደ ውጭ አገር ሄጄ ስለ ሌሎች ሰዎች ከተሞች መለወጥ ጽፌ ዲግሪ ተቀበልሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከነዚያ ክፍሎች የአንዱን ስንኳ ስፋት አልለካሁም፤ የአንዲትን ባለቤት የሕይወት ታሪክ አልጻፍሁም፤ ማን ከማን ቀጥሎ በየትኛው ቤት እንደ ተጫወተ አልመዘገብሁም። የነበሩ መስለውኝ ነበር። ዛሬ ግን የቤቶቹን ባለቤቶች፣ አዝማሪዎቹንና የቀድሞ እንግዶችን በየተበተኑበት ፈልጎ መጠየቅ ገና ይቻላል፤ ክፍሎቹን በቃላቸው ሊሥሉልን የሚችሉ ሰዎች አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ከገላን ጉራ ቢጀምር መልካም ነው፤ ሌላ ሰፈር ከመፍረሱ በፊትም መለኪያውንና መቅረጫውን ይዞ ወደዚያው ይሂድ።